ቁጥሩን አትሸሽጉ፤ ስኳር ላለባችሁ ልጆች የአንድ ሽማግሌ ምክር

ልጆቼ፣ አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው ትተውልናል። እኔም ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ከአንድ ቃል የሚመዘዝ ነው። የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ ሃያ ያልሞላችሁም ሆናችሁ ሃያውን የጀመራችሁ፣ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ፣ ጎዛምን፣ ማቻከል፣ ስናንና አነደድ ከወላጆቻችሁ ጋር የምትኖሩ ሁሉ ስሙኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ስኳር ያለባት ልጅ አያት ነኝ። የመድኃኒታችሁን መጠን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። እኔ የማወራችሁ ሐኪሙ በማያያችሁ ጊዜ፣ ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ ባሉት ቀናት፣ በኪሳችሁ ያለው ስልክ ምን ሊያግዛችሁ እንደሚችል ነው።

መቼም ሽማግሌ ስለ ስልክ አፉን ከከፈተ ከእርግማን ሌላ አይወጣውም ትላላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ ስናማርር የኖርን ነን። ለዚህ ሕመም ግን ስልክ የሚሠራውን ሥራ በዓይኔ አይቻለሁና ዛሬስ አመሰግነዋለሁ። ምስጋናዬ ግን ልክ አለው፤ ልኩንም እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ሕመሙን እንወቀው፤ «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ነውና። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት ጎጃሜ ሆኖ የማያውቅ የለም። ስኳር ማለት ቁርጥ እሱን ነው። የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦና ድንች ሆድ ውስጥ ልሞ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ያን ስኳር ከደም ወደ ሥጋ የሚያሻግረው ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊኑ ሲጠፋ ደሙ በስኳር ይሞላል፣ ሥጋው ግን ይራባል። ልጁ እየበላ ይከሳል፤ ማሰሮ ሙሉ ውሃ ጠጥቶ ጥሙ አይቆርጥለትም፤ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሣል። ይህን ምልክት እያዩ ምች ነው፣ ቡዳ ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው እያሉ ጊዜ የሚገድሉ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። ልጁ ሲያስመልሰው፣ ሆዱን ሲቆርጠው፣ በረጅሙ መተንፈስ ሲጀምርና ከአፉ ፍራፍሬ የመሰለ ጠረን ሲወጣ በቃሬዛ ሐኪም ቤት ይወስዱታል። ያ ታዲያ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። አንዳንዱ ይተርፋል፤ አንዳንዱ አይተርፍም።

የጠገበ ከተሜ ሕመም ነው የሚለውን ወሬም ከጆሯችሁ አውጡት። ጎንደር ላይ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች ብዙዎቹ ድሆች፣ ቀጫጭኖችና ወጣቶች መሆናቸውን አሳይተው ነበር። በልጅነት ከተጎዳ ሰውነት ጋር የሚመጣ የስኳር ዓይነት ይኖር እንደሆነ ነገሩ እንደገና ይመርመር ሲሉም ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ባንኮክ ላይ ነው። ስለዚህ ቀጭን ሆነህ፣ ገጠር ተወልደህ፣ ስኳር ስለ ያዘህ የምታፍርበት ነገር የለም። የሠራኸው ጥፋት አላመጣብህም።

መድኃኒት ያለው ዘመን ላይ መወለዳችሁንም አትርሱ። እንደ እኛ አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋ፤ ከሰው ሁሉ የመጀመሪያው እሱ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት በዚህ ሕመም የተያዘ ልጅ ዕጣው ሞት ብቻ ነበር። ሊዮናርድ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ዛሬማ በአግባቡ የያዘው ሰው ተምሮ፣ ሠርቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሸብቶ ይኖራል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን አገር ልምጣ። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ዞኖች ስኳር ያለባቸውን ሕጻናት ሁኔታ መርምሮ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ልጆቹን ወደዚያ ወደ በረጅሙ ወደሚያስተነፍሰው አደጋ፣ ሐኪሞች ኬቶአሲዶሲስ ወደሚሉት፣ ከሚገፏቸው ነገሮች ሦስቱን ልብ በሉ፦ መድኃኒት ማቋረጥ፣ ኢንሱሊንን ቤት ውስጥ በደንብ አለማስቀመጥ፣ እንደ ተቅማጥና ጉንፋን ያለ ድንገተኛ ሕመም። ሦስቱም የሚሆኑት ቤት ውስጥ ነው። ሐኪሙ ማርቆስ ሆስፒታል ተቀምጦ አያያቸውም። ስልካችሁ ግን እዚያው ትራሳችሁ ሥር አለ። ምክሬን በእነዚሁ በሦስቱ እጀምራለሁ።

መጀመሪያ መድኃኒት ማቋረጥን እንይ። ሰው መድኃኒት የሚያቋርጠው ጠልቶት ብቻ አይደለም፤ ይረሳል፣ ያልቅበታል፣ ሰው እንዳያየው ያፍራል። ለመርሳት መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባለቁልፏ ርካሽ ስልክ እንኳ ማንቂያ ደወል አላት። የጠዋቱንና የማታውን መርፌ ሰዓት ሙሉላት፤ በየቀኑ ትጮሃለች፣ አትሰለችም። በደወሉ የሚቆጣ ሽማግሌ ካለ የመድኃኒት ሰዓት መሆኑን ንገሩት፤ እኔም ነግረውኝ ነው የገባኝ። ለማለቁ ደግሞ ሌላ ደወል አድርጉ፤ ኢንሱሊኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሚጮህ። ያ ሲጮህ ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ወደ ፋርማሲው ደውሉና «ኢንሱሊን አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መኪና ተሳፍሮ፣ ግማሽ ቀን ተጉዞ፣ «አልቋል» ተብሎ ባዶ እጅ መመለስ ለድሃ ቤተሰብ ቀላል ኪሳራ አይደለም። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜማ ያ የአንድ ሳምንት ፋታ ነፍስ ነው።

አቀማመጡን ደግሞ ስሙ። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው የሚቀመጠው። የተከፈተው ግን ከሙቀትና ከፀሐይ ርቆ አራት ሳምንት ያገለግላል። የከፈታችሁበትን ቀን ማን ያስታውሳል? እንግዲህ ብልቃጡን በከፈታችሁበት ሰዓት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ፎቶው ቀኑን ይዞላችሁ ይቀመጣል። ካሜራ የሌላት ስልክ ከሆነች ከ28 ቀን በኋላ የሚጮህ ደወል ሙሉላት። ፍሪጅ የለንም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት፣ ኬንያ ዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ባለው ዓይነት ሙቀት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ እየተለዋወጠ አራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳላጣ አሳይቷል። የእኛ ደጋ ከዳዳብ ጋር አይወዳደርም። በእርጥብ አሸዋ መካከል የተቀመጠች፣ አፏ የተከደነ የሸክላ ማሰሮ በቤቱ ጨለማ ጥግ ካለች ይበቃል።

ብቻ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ኢንሱሊንን ውርጭ ይገድለዋል፤ ጮቄ ሥር ያላችሁ ልጆች በብርድ ሌሊት መስኮት ላይ ወይም ደጅ እንዳታሳድሩት፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይረባም። ሙቀትም ይገድለዋል፤ ከምድጃ አጠገብና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አርቁት። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ደግሞ ደጀንን አልፎ መኪናው ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ያን ጊዜ ኢንሱሊናችሁ ጣሪያ ላይ በተጫነ ሻንጣ ውስጥ ከሆነ ያበስለዋል። ከእጃችሁ በማይለይ ቦርሳ፣ በልብስ ጠቅልላችሁ ያዙት።

ሦስተኛው ድንገተኛ ሕመም ነው። ልጅ ሲያመው ምግብ ያስጠላዋል። «ካልበላሁ ለምን እወጋለሁ?» ብሎ መርፌውን ይተወዋል። ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲታመሙ የደም ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ይወጣል እንጂ አይቀንስም፤ ስለዚህ ኢንሱሊን ጨርሶ አይቋረጥም። መጠኑን ለማስተካከል ግን በግምት አትሂዱ፤ ደውሉ። ነርሷ ወይም ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ «ስኳርሽ ስንት ነው? ከመቼ ጀምሮ? ያስመልስሻል?» ብለው ነው። ለዚህ መልስ ይዛችሁ የምትደውሉ ከሆነ ስልክ ግማሽ ሕክምና ነው። በየጥቂት ሰዓቱ ለኩ፣ ውሃ ደጋግማችሁ ጠጡ። ልኬቱ ከ250 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ፣ ካስመለሳችሁ ወይም ትንፋሻችሁ ካጠረ ግን ስልኩን ዘግታችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ በስልክ የሚታከም ነገር አይደለም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። የጤና ጣቢያውን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋንና የወረዳውን አምቡላንስ ቁጥር ዛሬ ደኅና ሳላችሁ መዝግቡ። ያመመው ሰው ቁጥር ፈልጎ አያገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። የልጄ ልጅ ከስናን ገጠር መጥታ ማርቆስ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማራለች። አንድ እሑድ ማለዳ ስንቅ ይዤላት ሄድኩ። እጇን በሳሙና ታጥባ አድርቃ፣ የጣቷን ጫፍ መሐሉን ሳይሆን ጎኑን ወጋችው። ጎኑ ብዙም አያምም አለችኝ። ደሟን የመለኪያው ወረቀት፣ ስትሪፑ፣ ሳባት፤ ጥቂት ቆጠራ ቆጥሮ ማሽኑ 243 አለ። ደብተሯ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን ጻፈች፤ ከጎኑ «ማታ ንፍሮ» ብላ አከለች። ወዲያው ስልኳን አንሥታ ለቤት በአጭር መልእክት ላከችው፦ «243። ማታ ንፍሮ አብዝቼ ነው። ተወጋሁ።» እናቷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ታናሽ ወንድሟ ያነብላታል። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። እናቷ ነበረች፤ «እሺ የኔ ልጅ፣ ውሃ ጠጪ፣ ማታም ለኪና ላኪልኝ» አለች፤ ስለ ገብሱና ስለ ጥጃዋ ሁለት ቃል ጨምራ ዘጋች። ቁጣ የለም፣ ለቅሶ የለም።

ይቺው ልጅ በጀመረች ሰሞን መርፌዋን የምትወጋው ትምህርት ቤት መጸዳጃ ውስጥ ተሸሽጋ ነበር። አሁን ጓደኞቿ ደወሉ ሲጮህ «ሰዓትሽ ደረሰ» ይሏታል። ስልኩ ስኳሯን ዝቅ አላደረገላትም። ያደረገላት ነገር ሌላ ነው፤ ቁጥሯን ከብቻዋ አውጥቶ ሌሎችም እንዲያውቁት አደረገ። ልጆቼ፣ የዚህ ሁሉ ቴክኖሎጂ ትልቁ ጥቅም እኔ እንደ ገባኝ ይኸው ነው። ልኬታችሁን ለብቻችሁ ሸሽጋችሁ ከያዛችሁት፣ ስልኩ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን አይጠቅማችሁም።

ይህን የምለው ከራሴ ብቻ አይደለም። ስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ ሐኪሞች ስዊት ቶክ የተባለ የአጭር መልእክት አገልግሎት፣ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 18 በሆኑ 92 ልጆች ላይ ሞክረው ውጤቱን በ2006 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። መልእክቱ የደረሳቸው ልጆች በራሳቸው መተማመናቸው ጨመረ፣ መድኃኒታቸውንም ከበፊቱ በተሻለ እንደሚወስዱ ተናገሩ። የረጅም ጊዜ የስኳር ልኬታቸው ግን በመልእክት ብቻ አልተለወጠም። ልኬቱ የወረደው መልእክቱ ከተጠናከረ የኢንሱሊን ሕክምና ጋር አብሮ ለተሰጣቸው ነው። እንግዲህ ስልክ ያስታውሳል፣ ያደፋፍራል፣ ያገናኛል፤ አይወጋም፣ አያበላም፣ መድኃኒት አይሆንም።

እናንተ ወላጆች ደግሞ ይቺን ስሙኝ። የልጁን ቁጥር አይቶ የሚቆጣ ወላጅ፣ ሁለተኛ እውነተኛ ቁጥር አያይም። የቀጠሮ ዋዜማ ማታ ቁጭ ብሎ ደብተሩን ከላይ እስከ ታች በ110 እና በ120 የሚሞላ ልጅ አለ። የፈራው ሕመሙን ሳይሆን እናንተን ነው። ሐኪሙም አይታለልም፤ ከክንድ ተቀድታ የምትመረመር ደም አለች፣ ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ነው። የስኳር ቁጥር ኃጢአት አይደለም፤ ጉንፋን ያወጣዋል፣ ሐሳብ ያወጣዋል፣ ዕድገት ራሱ ያወጣዋል። ስለዚህ ከፍ ሲል «ምን በላህ?» ብሎ ከመደንፋት «ምን እናድርግ?» ማለት ይሻላል። ስልኩንም ልጁን መሰለያ አታድርጉት።

ጓደኞቻችሁም የግድ ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ፤ እሱም የስኳር መውረድ ነው። ልኬቱ ከ70 ሲወርድ ልጁ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል፣ ንግግሩ ይወላገዳል። የማያውቅ ሰው ሰክሯል ወይም ልክፍት ነው ይላል። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ የጎጃም ማር ማላስ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፤ ካልወጣ መድገም፤ ሲሻለው ምግብ ማብላት። ራሱን የሳተ ከሆነ ግን ምንም ነገር አፉ ውስጥ አታድርጉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት። በስልካችሁ ፊት ላይ «ስኳር አለብኝ፤ ራሴን ከሳትኩ ወደዚህ ደውሉ» የሚል ጽሑፍ ይኑር። ስለ አረቄና ጠላም ልናገር፤ በዓል ሲመጣ «አንድ ብርሌ» የሚል አይጠፋም። መጠጥ፣ ይልቁንም በባዶ ሆድ፣ ጉበት ስኳር እንዳይለቅ አድርጎ ከሰዓታት በኋላ በእንቅልፍ ላይ ይጥላል። ልጆቼ፣ ለእናንተ አረቄ ይቅርባችሁ።

ስለ ኢንተርኔትም አንድ ነገር ልበል። በስልክ ላይ የሚጫኑ የስኳር መመዝገቢያ መተግበሪያዎች አሉ፤ ቁጥሩን በሥዕል ያሳያሉ፣ የበላችሁትን ያሰላሉ። መልካም ናቸው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ ሁላችንም የቀመስነው ነው። የልኬቱን ታሪክ በኢንተርኔት ብቻ ያስቀመጠ ሰው ያን ጊዜ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆነበት። ስለዚህ መጀመሪያ ደብተር፣ ቀጥሎ ስልክ። ደብተራችሁን በየሳምንቱ ፎቶ አንሡት፤ ቁጥሩን በአጭር መልእክት ላኩት፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መተግበሪያ ምረጡ። ስልኩ ቻርጅ ባይኖረው፣ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ቀጠሮ ላይ ደብተሩ ይናገርላችኋል።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ክንድ ላይ ተለጥፎ በስልክ ስለሚነበበው መለኪያ ሰምታችኋል። ፍሪስታይል ሊብሬ የሚባለው በአውሮፓ ገበያ ላይ የዋለው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ አንዱ ለ14 ቀን ያህል ያገለግላል፣ ጣት መውጋትን ይቀንሳል። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸው ስኳር ያለባቸው ወላጆች ኩባንያ እስኪሠራላቸው አንጠብቅም ብለው፣ የልጃቸው መለኪያ የሚያነበውን ቁጥር ከሩቅ በስልክ የሚያዩበትን ናይትስካውት የሚባል ዘዴ ራሳቸው ሠሩ። አባት ቢሮው ተቀምጦ የትምህርት ቤት ልጁን ስኳር ያያል ማለት ነው። ደስ ይላል፤ እኔም ለእናንተ እመኘዋለሁ። ግን በየሁለት ሳምንቱ የሚለወጥ ዕቃ ነው። አንድ ጊዜ ልከው ለሚያቆሙት ነገር ከምትጓጉ፣ ዘመዳችሁን ሳይቋረጥ ስትሪፕ እንዲልክላችሁ ለምኑት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለ? ያገኘ ሰውም ቢሆን፣ ያ መለኪያ ከደሙ በጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራልና፣ ስልኩ ደኅና ነህ እያለው ላብ ላብ ካለው ጣቱን ይውጋ።

ስለ አጭበርባሪዎችም አደራ። «አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው» ይላሉ። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ «ስኳርን ከሥሩ ነቅሎ የሚጥል» ቅጠል የሚሸጡት የእናንተን አያያዝ አይተዋል፤ መርፌ እንደሰለቻችሁ ያውቃሉ። ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ልጅ ኢንሱሊኑን በቅጠል ሲተካ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወድቃል። ሻጩን ስትፈልጉት ገጹን ዘግቶ ሄዷል። ስልክ ላይ ያያችሁትን ሁሉ ለነርሷ ሳታሳዩ ወደ አፋችሁ አታስገቡ።

ጸበልን በተመለከተ ደግሞ እኔም ጸበልተኛ ነኝ፤ ማንም እንዲነቅፈው አልፈልግም። ግን ጸበል ለመጠመቅ ብሎ ኢንሱሊን የሚያቆም ልጅ እየቀበርን ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጸበልም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውንና አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ መክረው ነበር። ለስኳር የማይሠራበት ምክንያት የለም። ጸበል ቦታ ስትሄዱ ኢንሱሊናችሁም ስልካችሁም አብረዋችሁ ይሂዱ። ጾሙንም እንዲሁ ለንስሐ አባታችሁ በግልጽ ንገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመን በጾም አታስገድድም። ሴኔጋል ውስጥ በ2014 እ.ኤ.አ. መንግሥትና የዓለም ጤና ድርጅት በረመዳን ወር ስኳር ላለባቸው ሰዎች ስለ ጾምና ስለ ምግብ በስልክ አጭር መልእክት መላክ ጀምረው ነበር። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ለእኛ ልጆች ተመሳሳይ መልእክት በአማርኛ ቢላክ ምንኛ መልካም ነበር!

ለጤና ባለሙያዎቻችንም የማነሣው ነገር አለ። ጎንደሮች የስኳር ክትትልን ከሆስፒታል አውጥተው በገጠር ጤና ጣቢያዎች በነርሶች እጅ እንዲካሄድ አድርገዋል፤ ሕመምተኛው ቤቱ አጠገብ መታከም ቻለ። እዚህም የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለማርቆሱ ሐኪም ደውላ የምትጠይቅበት፣ ልጁም ለነርሷ የሚደውልበት የታወቀ ቁጥርና የታወቀ ሰዓት ቢኖር ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ወላጆችም የጤና መድን መዋጯችሁን በወቅቱ አሳድሱ፤ የዕድሜ ልክ ሕመም በኪስ ገንዘብ አይዘለቅም።

ልጆቼ፣ ምክሬን እዚህ ላይ ልቋጭ። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ከመባላችሁ በፊት ዛሬ ማታ አራት ነገር አድርጉ። የመርፌያችሁን ሰዓት ደወል ሙሉ። የብልቃጡን መክፈቻ ቀን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። የነርሷንና የአምቡላንሱን ቁጥር መዝግቡ። አራተኛውና ትልቁ፣ የዛሬ ልኬታችሁን፣ ከፍ ይበል ዝቅ፣ ለምታምኑት አንድ ሰው ሳትቀንሱ ሳትጨምሩ ላኩ። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፤ ስልክም የሚጠቅማችሁ ወደ ሰው ሲያደርሳችሁ ብቻ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።